በአካባቢ ጣቢያ ጨዋታ ማስተላለፍ ለምትፈልጉ

ጨዋታ ማስተላለፍ እፈልጋለሁ የሚል ወጣት ሲያገኘኝ ወሬው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዓለም ዋንጫ ነው። ደስ ይለኛል፣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ግን ሁሌም መልሼ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የአካባቢህ ቡድን ሁለተኛ በረኛ ማን ይባላል? አብዛኛው ዝም ይላል። ይህን የምጽፈው ለዚያ ዝምታ ነው።

የአካባቢ ጣቢያ ስል አንድ ከተማን ወይም አንድ ክልልን የሚሸፍን ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን ወይም የኢንተርኔት ሥርጭት ማለቴ ነው። በትልቅ ጣቢያ የሚሠራ ሰው ስለ ኮከቦች ያወራል። እናንተ የምታወሩት ስለ ጎረቤት ልጅ ነው፣ የሚሰማችሁም ጎረቤቱ ነው። አድማጫችሁ ሜዳ ላይ ያለውን ልጅ በስም ያውቀዋል። አብሮት ተምሯል፣ ወይም አስተምሮታል፣ ወይም ወልዶታል። ስለዚህ ስትሳሳቱ የሚያርማችሁ ሰው ሩቅ አይደለም። ነገ ጠዋት መንገድ ላይ ታገኙታላችሁ። ይህ ቅርበት ትልቁ ሀብታችሁ ነው፣ በዚህ ሥራ የሚያሰናክላችሁም እሱው ነው። ከታች የማወራው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመጣል።

ለማያይ ሰው አውሩ

ከሬዲዮ ጀምሩ። ቴሌቪዥን ብትፈልጉም ከሬዲዮ ጀምሩ፣ ምክንያቱም ሬዲዮ መደበቂያ የለውም።

ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን 1927 የአርሰናልንና የሼፊልድ ዩናይትድን ጨዋታ ከሃይበሪ ስታዲየም በቀጥታ ሲያስተላልፍ አንድ ችግር ነበረበት። የማያየው ሰው ኳሱ የት እንዳለ በምን ይወቅ? ያገኙት መላ የሜዳውን ሥዕል ቁጥር በተሰጣቸው ስምንት ካሬዎች ከፋፍሎ መጽሔት ላይ ማተም ነበር። ቴዲ ዌክላም ጨዋታውን ሲተርክ ሌላ ሰው አጠገቡ ሆኖ ኳሱ ያለበትን ካሬ ቁጥር ይጠራል። አድማጩ ሥዕሉን ፊቱ ዘርግቶ በጣቱ ይከተላል። ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ይኸው ዌክላም የራግቢ ጨዋታ ሲያስተላልፍ ደግሞ ራግቢ የሚወድ አንድ ዓይነ ስውር ሰው ከፊቱ እንዲቀመጥ ተደርጎ ነበር፣ ለእሱ እንደሚነግረው አድርጎ እንዲያወራ።

ያ ሰው ዛሬም ፊታችሁ ተቀምጧል ብላችሁ አስቡ። ካሬውን በቃላት ነው የምትሠሩለት። ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ኳሱ የት ነው፣ ማን ጋር ነው፣ ወዴት እየሄደ ነው። ስሜት ከዚያ በኋላ ይመጣል። ጀማሪ ግን ከስሜቱ ይነሳል። «አለፈው! አሁንም አለፈው! ወይኔ! እንዴት ያለ አጨዋወት ነው!» ይላል። ማን ነው ያለፈው? የት ላይ? አድማጩ የሚሰማው አንድ የተደሰተ ሰው ሲጮህ ነው፣ ሌላ ምንም የያዘው ነገር የለም።

እስቲ ይህንን ስሙት። «ሰባት ቁጥሩ፣ በቀኝ መስመር፣ ከመሐል ሜዳ አሥር ሜትር ያህል አልፏል። ሁለት ተከላካይ ከፊቱ አለ። ቆመ። አየ። ወደ ውስጥ ቆረጠ፣ አስራ ስድስት ከሃምሳው ጫፍ ደርሷል፣ በግራ እግሩ…» እዚህ ላይ ድምፃችሁን ባትጨምሩም አድማጩ ከመቀመጫው ይነሳል። ዓረፍተ ነገሮቹ ከኳሱ ጋር አብረው እንዳጠሩ አስተውሉ። ኳሱ ሲፈጥን ቃል ይቀነሳል።

ርቀት ስትገምቱ ከሜዳው መሥመሮች ተነሱ። የፍፁም ቅጣት ምት ነጥቡ ከግቡ 11 ሜትር ላይ ነው። ግቡ 7.32 ሜትር ይሰፋል፣ አግዳሚው 2.44 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የቅጣት ምት ሲመታ ተከላካዮች ከኳሱ 9.15 ሜትር ይርቃሉ። እነዚህ አራት ቁጥሮች ከዓይናችሁ ጋር ከተዋሃዱ «ከሃያ ሁለት ሜትር» ስትሉ እውነት ከሃያ ሁለት ሜትር ይሆናል። ሌላው ትንሽ የምትመስል ግን ብዙ ሰው የሚረሳት ነገር፣ ጨዋታው ሲጀመር የትኛው ቡድን ምን ዓይነት ማሊያ እንደለበሰና ከግራ ወደ ቀኝ የሚያጠቃው የቱ እንደሆነ ተናገሩ። ከእረፍት በኋላም ድገሙት፣ አቅጣጫው ተቀይሯልና።

ለልምምድ ይህን አድርጉ። አንድ ጨዋታ ከፍታችሁ ድምፁን አጥፉና አሥር ደቂቃ እያስተላለፋችሁ በስልካችሁ ራሳችሁን ቅረጹ። ከዚያ ጨዋታውን ላላየ ሰው ቅጂውን አሰሙት፣ ባዶ ወረቀትና እርሳስ ስጡት። የሜዳ ሥዕል ይሥራና ኳሱ የሄደበትን መንገድ እየሰማ ያስምር። መሥመሩ የተቋረጠበት ቦታ ሁሉ የእናንተ ጉድለት ነው። እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ ወንድሜን ነበር ያስቀመጥኩት። ሦስት ቦታ ብቻ አስምሮ እርሳሱን አስቀመጠ። የዚያን ቀን የተማርኩትን ክፍል ውስጥ አልተማርኩትም።

ውጤቱን ንገሩ

አሜሪካዊው የቤዝቦል አስተላላፊ ሬድ ባርበር እንቁላል ሲቀቀል ጊዜ የሚለካበትን የሦስት ደቂቃ የአሸዋ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ ነበር። አሸዋው ባለቀ ቁጥር ውጤቱን ይናገርና ሰዓቱን ይገለብጣል። ሬዲዮ የሚከፍት ሰው በማንኛውም ደቂቃ ነው የሚከፍተው። መኪና ውስጥ የገባ፣ ከሥራ የወጣ፣ ልጅ አስተኝቶ የመጣ። የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፣ ስንት ለስንት ናቸው?

ጀማሪ ውጤት መድገም ያሳፍረዋል፣ አሰለቸሁ ብሎ ይፈራል። አያሰለችም። በስልካችሁ ላይ በየሦስት ደቂቃው የሚንቀጠቀጥ ማንቂያ ብትሞሉ ይበቃል። ውጤት፣ ደቂቃ፣ ግብ ያገቡት ስም፤ አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

ድምፅ

ጥሩ ድምፅ ያስፈልጋል ወይ ይሉኛል። ጤነኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ወፍራም ሆነ ቀጭን ግድ የለም፣ ሰዎች ይለምዱታል፣ ከለመዱት በኋላም ይወዱታል። የሌላ ሰው ድምፅ ለመምሰል መሞከር ግን ጉሮሮንም ሥራንም ያበላሻል።

ከሆዳችሁ ተንፍሱ። ከተቻለ ቆማችሁ አስተላልፉ። ለብ ያለ ውሃ አጠገባችሁ ይኑር። ከሁሉም በላይ ድምፃችሁን እንደ ደረጃ አስቡት። ለእጅ ውርወራ ከጮኻችሁ ለግብ ምን ይቀራችኋል? የጨዋታው አብዛኛው ክፍል ከጓደኛ ጋር የምታወሩበት ድምፅ ይበቃዋል። ወደ ግብ ሲጠጉ አንድ ደረጃ ውጡ፣ ምቱ ሲመታ ሌላ። የመጨረሻውን ደረጃ ለ90ኛው ደቂቃ አስቀምጡት፣ ምናልባት አንዴ ብቻ ትፈልጉት ይሆናል።

ዝምታም አንድ ደረጃ ነው። ቪን ስከሊ ለአሜሪካው የቤዝቦል ቡድን ለዶጀርስ ከ1950 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ለ67 የውድድር ዓመታት ያስተላለፈ ሰው ነው። ኤፕሪል 8 ቀን 1974 ሃንክ አሮን 715ኛውን ሆም ረን፣ ማለትም ኳሱን ከሜዳው አጥር በላይ የሚያሳልፍ ምት፣ መትቶ ለዘመናት የቆየውን ክብረ ወሰን ሲሰብር ስከሊ ምቱን ተናገረና ዝም አለ። ሕዝቡ ይጮህ፣ ርችቱ ይፈንዳ ብሎ ተወው። ከዚያ በኋላ ነው ያ ቅጽበት ለአገሩ ምን ማለት እንደሆነ የተናገረው። ግብ ሲገባ አግቢውን ከጠራችሁ በኋላ አፋችሁን ዝጉ። ስታዲየሙ ከእናንተ በላይ ያውቅበታል። በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ፣ በጣም ረጅም ይመስላችኋል። አይደለም።

ወረቀቱ

አሁን ወደ ዋናው ሥራ መጣን። የ90 ደቂቃ ሥርጭት ጀርባ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ዝግጅት አለ። እኔ የማዘጋጀው አንድ ትልቅ ወረቀት ነው፣ ሁለት ሳይሆን አንድ፣ ምክንያቱም ጨዋታ እየሄደ ወረቀት መገልበጥ አይቻልም። ካርቶን ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ንፋስ እንዳያነሳው። በግራ አንዱ ቡድን በአሰላለፉ ቅርፅ ይቀመጣል፣ በቀኝ ሌላው፣ ከታች ተቀያሪዎች። የምጽፈው በእርሳስ ነው። ለምን በእርሳስ? አንድ ቀን ዝናብ መጣና በእስክሪብቶ የጻፍኩት ሁሉ ዓይኔ እያየ ወደ ሰማያዊ ኩሬ ተለወጠ። እርሳስ ዝናብን ይችላል።

ከእያንዳንዱ ተጫዋች ስም ሥር ሦስት ነገር ጻፉ፣ ከዚያ አትለፉ። አንደኛው እዚህ ከመምጣቱ በፊት የት እንደነበረ። ሁለተኛው በዚህ ዓመት የሠራው፣ ግቡ፣ ካርዱ፣ ጉዳቱ። ሦስተኛው ከተጫዋችነቱ ሌላ ሰውነቱን የሚያሳይ ነገር፣ ለምሳሌ ሌሊት ዳቦ ቤት ሠርቶ ቀን ይለማመዳል፣ አባቱም በዚሁ ሜዳ በረኛ ነበር። ሦስተኛውን ከኢንተርኔት አታገኙትም። ልምምድ ቦታ ሄዳችሁ ቆማችሁ ነው የምታገኙት። ትልቁ ጣቢያ የሌለው፣ እናንተ ብቻ ያላችሁ ነገር እሱ ነው።

ካዘጋጃችሁት ውስጥ አንድ አሥረኛው ቢወጣ ብዙ ነው። የቀረው ይቅር። ወረቀቴን ልጨርስ ብሎ ማጥቃት መሐል ላይ የተጫዋቹን የትውልድ ዓመት የሚናገር ሰው አለ። ይህ አድማጭን ከማስቀየም አይተናነስም።

ስም ላይ ደግሞ ምሕረት የለም። እንዴት እንደሚጠራ ባለቤቱን ጠይቁ፣ አሰልጣኙን አትጠይቁ። አሰልጣኞች ራሳቸው የሚሳሳቱባቸው ስሞች አሉ። አላልታችሁ ወይም አጥብቃችሁ ጠርታችሁ «እንዲህ ነው?» በሉት። የስም ጉዳይ ለምን እንዲህ እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ።

በሥራዬ በሦስተኛው ዓመት ነው። ዝናብ ነበር፣ ሜዳው ጭቃ ሆኗል። በ58ኛው ደቂቃ የማዕዘን ምት ተሻማ፣ አንዱ ዘሎ በጭንቅላቱ ገጨ፣ ኳሷ ከቋሚው ሥር ገባች። ጀርባው ላይ 4 አየሁ። አራት ቁጥሩ አምበሉ ነው፣ ስሙን ጠራሁ፣ ታሪኩን አወራሁ፣ በየሦስት ደቂቃው ውጤቱን ስናገርም ስሙን ደገምኩ። ያገባው ግን 14 ቁጥሩ ነበር። ጭቃው 1ን ሸፍኗታል። የ18 ዓመት ልጅ ነው፣ የመጀመሪያ ጨዋታው ነው። ስህተቴን ያወቅሁት ጨዋታው አልቆ የዳኛውን ወረቀት ሳይ ነው። ዕቃዬን ሰብስቤ ስወጣ ልጁ በሩ ላይ ቆሟል፣ ፀጉሩ ገና አልደረቀም። አልተቆጣም። «እናቴ ቤት ሆና እየሰማችህ ነበር» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

በማግስቱ የስፖርት ዜናውን የጀመርኩት በእሱ ስም ነው። ተሳስቻለሁ፣ ግቡን ያገባው እሱ ነው አልኩ፣ ሙሉ ስሙን ከነአባቱ ሁለት ጊዜ ጠራሁት።

ከዚያ ወዲህ ቡድኖቹ ሲያሟሙቁ ሜዳው ዳር ቆሜ ቁጥር ሳላይ ሰው መለየት እለማመዳለሁ። አረማመድ፣ የፀጉር አቆራረጥ፣ የጫማ ቀለም፣ ካልሲውን ዝቅ የሚያደርግ፣ ግራ እጁን አጥፎ የሚሮጥ። ሩጫ እንደ ፊርማ ነው፣ አንዴ ከለመዳችሁት ከሩቅ ታውቁታላችሁ። ካልለያችሁ ደግሞ አትገምቱ። «ግብ ገብቷል፣ ማን እንዳገባው ላረጋግጥ» ብትሉ ማንም አይስቅባችሁም።

የጨዋታው ቀን

ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። መስመሩን ፈትሹ፣ ከስቱዲዮው ጋር ተነጋገሩ፣ ድምፃችሁ እንዴት እንደሚሰማ ቴክኒሻኑን ጠይቁ። አካባቢ ጣቢያ ላይ ቴክኒሻኑም እናንተው ልትሆኑ ትችላላችሁ። ተለዋጭ ባትሪ፣ ተለዋጭ ገመድ፣ ተለዋጭ ጆሮ ማዳመጫ፣ የማይክ ስፖንጅ፣ ሙሉ ቻርጅ ያለው ስልክ ያዙ። መስመሩ ከተቋረጠ በስልክ ደውላችሁ እንድትቀጥሉ ከስቱዲዮው ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። ይቋረጣል። ጥያቄው መቼ የሚለው ብቻ ነው።

የቡድን ዝርዝሩ ሲወጣ ከወረቀታችሁ ጋር አመሳክሩ። ከዚያ የመሐል ዳኛውንና የመስመር ዳኞቹን ስም ያዙ። ሕጉን በተመለከተ፣ የእግር ኳስ ሕጎችን የሚያወጣው አይፋብ በየዓመቱ ማሻሻያ ያደርጋል፣ በተለምዶም ከጁላይ 1 ጀምሮ ሥራ ላይ ይውላል። አንብቡት። ዳኛውን በአየር ላይ ከመክሰሳችሁ በፊት የእጅ ኳስ ሕጉ ዘንድሮ ምን እንደሚል ማወቅ አለባችሁ፣ ዳኛው እኮ የሚኖረው እናንተ በምትኖሩበት ከተማ ነው፣ ልጁም ትምህርት ቤት ይሄዳል።

ጎናችሁ ተንታኝ ካለ ሥራውን ተካፈሉ። ኳሱ ሲሄድ የእናንተ ነው፣ ሲቆም የእሱ። እሱ «ለምን» ይበል፣ እናንተ «ምን» በሉ።

እግር ኳስ ብቻ አይደለም

አካባቢ ጣቢያ ላይ ቅዳሜ እግር ኳስ፣ እሑድ የጎዳና ሩጫ፣ ረቡዕ የትምህርት ቤቶች መረብ ኳስ ሊሰጣችሁ ይችላል። እምቢ አትበሉ። ሌሎች የሚሸሹትን ስፖርት የሚያውቅ ሰው ሥራ አያጣም።

ሩጫ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። 10,000 ሜትር በ400 ሜትር መም ላይ 25 ዙር ነው። ምን ታወራላችሁ? ሂሳብ። አንዱ ዙር በ65 ሰከንድ ከተሮጠ የመጨረሻው ሰዓት 27 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ይሆናል። በየዙሩ አንድ ሰከንድ ቢጨመር ወይም ቢቀነስ መጨረሻ ላይ 25 ሰከንድ ነው። ይህን በእጃችሁ ከያዛችሁ በአሥረኛው ዙር ላይ «በዚህ አያያዝ ከሄዱ…» ብላችሁ አድማጩን ታስሩታላችሁ። ማን ከማን ኋላ እንደቆመ፣ ማን ፊቱ እንደተለወጠ፣ ማን ወደ ኋላ እንዳየ ንገሩ። መጨረሻው ላይ ግን አትቸኩሉ። ሲድኒ 2000 ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 27:18.20፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት 27:18.29 ነበር የገቡት። ከ25 ዙር በኋላ ልዩነቱ ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ነው! ቴርጋት ሲፈተለክ «አበቃ» ብሎ የተናገረ ሰው ካለ ያን ቃል መዋጥ ነበረበት። ደረታቸው መሥመሩን እስኪነካ አሸናፊ አትጥሩ።

የሴቶች ውድድር ሲሰጣችሁ ወረቀቱ እኩል ይሠራ። ሦስቱ ነገሮች ለእያንዳንዷ ይጻፉ። ብዙ ጊዜ ስለ እነሱ የተጻፈ ነገር የለም፣ ስለዚህ የመጀመሪያው መዝገብ የእናንተ ሊሆን ይችላል። ልጆች ሲጫወቱ ደግሞ ሌላ ሚዛን ያዙ። የ15 ዓመት ልጅ ፍፁም ቅጣት ምት ሲስት «ኳሷ በግቡ አናት ወጣች» በቂ ነው። ሰኞ ክፍል ይገባል።

ጥያቄ አጠያየቅ

«ምን ተሰማህ?» የሚለውን ተዉት። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ «ደስ ብሎኛል፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደጋፊውን አመሰግናለሁ»። በምትኩ ያያችሁትን ጠይቁ። «በ70ኛው ደቂቃ አማካይ አስወጥተህ ሁለተኛ አጥቂ ስታስገባ ምን አይተህ ነው?» አሰልጣኙ ፊቱ ይለወጣል፣ ጨዋታውን ያየ ሰው አገኘሁ ብሎ ያወራል። አንድ ጥያቄ በአንድ ጊዜ፣ አጭር። ሲጨርስ ደግሞ ወዲያው አትግቡበት። ሁለት ሦስት ሰከንድ ዝም በሉ፣ ዋናው ነገር ብዙውን ጊዜ ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው የሚመጣው።

የተሸነፈ ሰው ስታናግሩ ለስለስ በሉ እንጂ ጥያቄውን አትዝለሉት። አድማጭ ያውቅባችኋል።

የቅርበት ፈተና

በቡድኑ አውቶቡስ ትሄዳላችሁ። ከአሰልጣኙ ጋር ቡና ትጠጣላችሁ። ፕሬዚዳንቱ በበዓል ቀን ይደውላል። ከዚያ ቡድኑ አምስት ጊዜ በተከታታይ ይሸነፋል። ምን ትላላችሁ?

እኔ የያዝኩት መንገድ ይህ ነው። ቡድኑን እንደምወድ አልደብቅም፣ ደግሞም አይደበቅም። ያየሁትን ግን እናገራለሁ። የተጋጣሚው ግብ ቆንጆ ከሆነ ቆንጆ ነው። «እኛ» አልልም፣ የቡድኑን ስም እጠራለሁ። የምተቸው ሥራውን ነው፣ ሰውየውን አይደለም። «ተከላካዩ ቦታውን ለቆ ነበር» እላለሁ፣ «ይህ ሰው አይረባም» አልልም። ከተቸሁት ሰው ጋር በማግስቱ ልምምድ ቦታ እገናኛለሁ። መሄዱ ግዴታ ነው። ተችቶ የሚጠፋ ሰው አይከበርም። አንድ አሰልጣኝ ለሁለት ወር አላናገረኝም ነበር፣ እኔ ግን በየሳምንቱ ሄጄ ዳር ላይ ቆምኩ። በመጨረሻ እሱ ራሱ መጥቶ «ያልከው ትክክል ነበር፣ አባባልህ ነው የከፋኝ» አለኝ። እሱም ልክ ነበር፣ ያን ቅጂ መልሼ ሳዳምጥ ድምፄ ውስጥ ንዴት ነበረበት።

ስጦታ አትቀበሉ። በምትዘግቡት ስፖርት ላይ አትወራረዱ፣ ጉዳት ላይ ያለ ተጫዋችን ወሬ ለሚወራረድ ወዳጅም አትስጡ። አውቶቡሱ ላይ የሰማችሁት አውቶቡሱ ላይ ይቀራል፣ ለማውጣት ከፈለጋችሁ አስፈቅዱ።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ተጫዋች ወድቆ ሳይነሳ ሲቀር። ጁን 12 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ክርስቲያን ኤሪክሰን ኮፐንሀገን ላይ በዴንማርክና በፊንላንድ ጨዋታ ልቡ ቆሞ ሲወድቅ ካሜራዎች ለምን እሱ ላይ ቆዩ የሚል ብርቱ ቅሬታ ተነስቶ ነበር። እሱ ተርፏል። እናንተ ዘንድ ሲደርስ ግን የልጁ ቤተሰብ የሚያዳምጠው እናንተን ነው፣ ምናልባትም እናንተን ብቻ። የምታዩትን በአጭሩ ተናገሩ፦ ጨዋታው ቆሟል፣ የሕክምና ሰዎች አጠገቡ ናቸው። አትገምቱ፣ የጉዳቱን ዓይነት አትጥሩ፣ «ሳይሞት አይቀርም» የሚመስል ምንም ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። ሌላ የምትሉት ከሌለ ወደ ስቱዲዮ መልሱ።

በሩ የሚከፈተው እንዴት ነው

ዲግሪ ይጠቅማል፣ ቋንቋና የዜና አጻጻፍ ያስተምራል። ግን ማንም አርታኢ በዲግሪ ብቻ ማይክ አይሰጣችሁም። ድምፃችሁን መስማት ይፈልጋል። ሦስት ወይም አራት ደቂቃ የሚሆን ቅጂ አዘጋጁ። ሙዚቃ አታስገቡ፣ «እባላለሁ እገሌ» ብላችሁ አትጀምሩ። በጣም ጥሩውን ክፍል መጀመሪያ አድርጉት፣ አርታኢው ምናልባት ሰላሳ ሰከንድ ነው የሚሰማው። ግብ ብቻ አትሰብስቡ። ምንም ያልተፈጠረበትን አንድ ደቂቃ ጨምሩ፣ ባለሙያ የሚለየው እዚያ ነውና።

እስከዚያው በነፃ የምትሠሩበት ቦታ ፈልጉ። የማኅበረሰብ ሬዲዮ፣ የትምህርት ቤት ውድድር፣ የስታዲየም ድምፅ ማጉያ፣ የራሳችሁ የኢንተርኔት ሥርጭት። ጣቢያ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ የሚሰጣችሁን ሁሉ ሥሩ። ድምፅ ቁረጡ፣ ዜና ጻፉ፣ የሌሎችን ቃለ መጠይቅ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ ገልብጡ። የመጀመሪያው የማስተላለፍ ዕድል ብዙውን ጊዜ የሚመጣው አንድ ሰው ታሞ ሲቀር ነው፣ ያን ቀን ወረቀቱ ተዘጋጅቶ የተገኘ ሰው ይሄዳል።

ክፍያው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነው። በጨዋታ ሊከፈላችሁ ይችላል። ስለዚህ የጉዞና የማደሪያ ወጪን ማን እንደሚሸፍን፣ ጨዋታ ቢሰረዝ ክፍያ እንዳለ፣ ቅጂው የማን እንደሆነ በጽሑፍ አስቀምጡ። ብዙዎቻችን ሌላ ሥራ እየሠራን ነው የጀመርነው፣ ነውር የለውም።

በየሳምንቱ ራሳችሁን አድምጡ። ወዲያው ሳይሆን በማግስቱ፣ ስሜቱ ከበረደ በኋላ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፣ ሰው ሁሉ የሚሰማውን የእናንተን «እንግዲህ» እናንተ አትሰሙትም። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳላችሁት ቁጠሩ። እኔ 31 ጊዜ «በሚገርም ሁኔታ» ያልኩበት ቅጂ አለኝ፣ አብዛኛው የሚገርም አልነበረም።

ወደ ትልቅ ጣቢያ መሄድ አለብኝ ወይ? ዕድሉ ከመጣና ልባችሁ ከፈለገ ሂዱ። ግን መቅረት እንደ መሸነፍ አይቆጠር። ኤርኒ ሃርዌል ለአሜሪካው የቤዝቦል ቡድን ለዲትሮይት ታይገርስ 42 የውድድር ዓመታት አስተላልፎ እ.ኤ.አ. በ2002 ጡረታ ሲወጣ በዚያ አካባቢ እሱን እየሰማ ያደገ ሰው ልጆቹን አድርሶ ነበር። ከአንድ ቦታ ጋር አብሮ ማርጀት የሚሰጠው ነገር አለ፣ አባትየው ሲጫወት ያስተላለፋችሁለትን ልጅ ታስተላልፋላችሁ።

ለዚህም ቅጂዎቻችሁን አስቀምጡ። ጣቢያው ያስቀምጠዋል ብላችሁ አትተዉት፣ ቦታ ሲሞላ ይጠፋል። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ፣ ያን ማታውኑ፣ ፋይሉን በቀኑ፣ በቡድኖቹ ስምና በውጤቱ ሰይማችሁ ሁለት ቦታ ገልብጡ። አጠገቡ አንድ መሥመር ጻፉ፣ ማን በስንተኛው ደቂቃ አገባ። የተሳሳታችሁበትንም አታጥፉ። ያ 14 ቁጥሩ ልጅ ጫማ ከሰቀለ በኋላ አንድ ቀን ደወለልኝ፣ የመጀመሪያ ግቡን ቅጂ ፈልጎ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሁለቱንም ፋይል ላክሁለት፣ የጨዋታውንም፣ በማግስቱ ስሙን ሁለት ጊዜ የጠራሁበትንም።